የአማርኛ ታግ ያለው የኤክስኤምኤል ፋይሌ አልከፈት አለኝ፤ ስህተቱ የቱ ላይ ነው?

ዘቢብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴና ከሰፈር ሰዎች የሰማኋቸውን ምሳሌያዊ አነጋገሮች እየሰበሰብኩ ነው። የስልክ መተግበሪያ የሚሠራልኝ ልጅ «ዳታውን በኤክስኤምኤል አድርጊና ላኪልኝ» አለኝ። ኤክስኤምኤል መረጃን ታግ በሚባሉ፣ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በሚጻፉ ስሞች እየከፈለ የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ነው። ታጎቹን በአማርኛ ነው ያደረግኳቸው። ፋይሉን ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው ፕሮግራመር ባይሆንም አንብቦ እንዲረዳው እፈልጋለሁ። መጀመሪያ መስመር ላይ የኤክስኤምኤሉ ስሪትና የኢንኮዲንጉ (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበት ዘዴ) መግለጫ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ይኸው፦

<ምሳሌ መለያ=1 ርዕስ=«ኅብረት»>
  <ቃል>ድር ቢያብር አንበሳ ያስር</ቃል>
  <ሠፈር>ጉለሌ</ሰፈር>
</ምሳሌ>
<ምሳሌ መለያ=2 ርዕስ=«ትዕግሥት» ርዕስ=«ሥራ»>
  <ቃል>ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል
  <ፍቺ>ትዕግሥት & ጊዜ ያለው ሰው ያሰበበት ይደርሳል</ቃል></ፍቺ>
</ምሳሌ>

ብሮውዘር ላይ ስከፍተው የስህተት መልእክት ብቻ ነው የሚያሳየኝ። አንዱን ሳስተካክል ሌላ ይመጣል። ሕጎቹን ከነምክንያታቸው የሚያስረዳኝ ሰው ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

ኮድ_አንባቢ፦

እህቴ፣ ሥራሽ ደስ ይላል። ፋይሉ ደግሞ ለማስተማሪያ የሚሆን ነው፤ ከዋና ዋናዎቹ ሕጎች አብዛኞቹ እዚህ ስምንት መስመር ውስጥ አሉ። ፓርሰሩ (ፋይሉን አንብቦ የሚተነትነው ፕሮግራም) እንደሚያነበው ከላይ ወደ ታች እንሂድ።

መጀመሪያ የሚያቆመው «መለያ=1» ላይ ነው። የአትሪቢዩት (እንደ መለያ በመክፈቻው ታግ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ዋጋ ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፤ ቁጥርም ቢሆን። ስለዚህ መለያ="1" ነው የሚባለው። በነጠላው መለያ='1' ብትይም ይሠራል፤ በከፈትሽበት መዝጋት ብቻ ነው።

ቀጥሎ «ኅብረት» አለ። በአማርኛ ጽሑፍ ትክክለኛው ጥቅስ ይሄ ነው፤ ፓርሰሩ ግን አያውቀውም። ለሱ ጥቅስ ማለት ቀጥ ያሉት " እና ' ብቻ ናቸው። ጎበጥ ያሉትን “ ” እንኳ አይቀበልም። በኤለመንቱ (ከመክፈቻው ታግ እስከ መዝጊያው ያለው ክፍል) ጽሑፍ ውስጥ ግን « »ን እንደልብሽ ተጠቀሚ። እዚያ እንደማንኛውም ፊደል ነው የሚቆጠረው።

ሦስተኛው መስመር ላይ በ«ሠፈር» ከፍተሽ በ«ሰፈር» ዘጋሽ። ለእኔና ለአንቺ አንድ ቃል ነው። ለፓርሰሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የላቲን ተጠቃሚዎች ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል ተብለው ይመከራሉ፤ ኤክስኤምኤል ሁለቱን እንደ አንድ አያይም። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ በዚያ ቦታ ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉን። ፓርሰሩ የሚያወዳድረው የፊደሉን የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ቁጥር ነው። ድምፁን አይሰማም።

አራተኛው መስመር ሲያልቅ የመጀመሪያው <ምሳሌ> ተዘጋ። ከዚያ ሌላ <ምሳሌ> መጣ። ይሄ አይቻልም፤ አንድ ፋይል ሁሉን የሚያቅፍ አንድ ኤለመንት ብቻ ነው የሚኖረው። ሥር ኤለመንት ይሉታል። ሁሉንም <ስብስብ> ውስጥ አስገቢያቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ላይ ርዕስ የሚለው አትሪቢዩት ሁለት ጊዜ አለ። በአንድ የመክፈቻ ታግ ውስጥ አንድ ስም ሁለቴ አይመጣም። ሁለት ርዕስ ካስፈለገሽ ከአትሪቢዩትነት አውጥተሽ ኤለመንት አድርጊው። ኤለመንት የፈለግሽውን ያህል ይደጋገማል። ሌላም ልዩነት አለ። የኤለመንቶች ቅደም ተከተል ትርጉም አለው፤ የአትሪቢዩቶች ግን የለውም። መለያ ቀደመ ርዕስ ቀደመ ለፓርሰሩ አንድ ነው።

ቀጥሎ <ቃል> ሳይዘጋ <ፍቺ> ተከፈተ፤ ሲዘጉ ደግሞ ተቆላለፉ። ነጠላ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው ጋቢውን ነው። እዚህም መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል።

በመጨረሻ & አለች። ይቺ ምልክት በኤክስኤምኤል ውስጥ «ቀጥሎ የምልክት ኮድ ይመጣል» ማለት ነው። ባዶ ቦታ ሲከተላት ፓርሰሩ ግራ ይገባዋል። በጽሑፍ ውስጥ ከፈለግሻት &#38; ብለሽ ጻፊያት። የማዕዘን ቅንፍ < ደግሞ &#60; ነው። ሁለቱ በጥሬያቸው በጽሑፍም በአትሪቢዩት ዋጋም ውስጥ አይገቡም። በስም የሚጠሩባቸው አጫጭር የላቲን ኮዶችም አሏቸው። ኤክስኤምኤል ያለ ምንም ማስታወቂያ የሚያውቃቸው እንደዚህ ያሉ ስሞች አምስት ብቻ ናቸው፤ ለ&፣ ለ<፣ ለ> እና ለሁለቱ ጥቅሶች። በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መጻፊያው) የለመድናቸው ሌሎቹ እዚህ አይሠሩም። በቁጥር ግን ማንኛውንም ፊደል መጥራት ይቻላል። ለምሳሌ &#4608; ብትይ ሀ ነው።

ተስተካክሎ እንዲህ ይሆናል፦

<ስብስብ>
  <ምሳሌ መለያ="1">
    <ቃል>ድር ቢያብር አንበሳ ያስር</ቃል>
    <ሰፈር>ጉለሌ</ሰፈር>
    <ርዕስ>ኅብረት</ርዕስ>
  </ምሳሌ>
  <ምሳሌ መለያ="2">
    <ቃል>ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል</ቃል>
    <ፍቺ>ትዕግሥት &#38; ጊዜ ያለው ሰው ያሰበበት ይደርሳል</ፍቺ>
    <ርዕስ>ትዕግሥት</ርዕስ>
    <ርዕስ>ሥራ</ርዕስ>
  </ምሳሌ>
</ስብስብ>

የመግለጫው መስመር ከሁሉ በፊት መሆኑንም እዪ። ከሱ በፊት ባዶ ቦታም፣ ባዶ መስመርም፣ ማስታወሻም አይፈቀድም።

ማታ_ማታ፦

ጥቅሱ ላይ የምጨምረው አለኝ። በስልክ ወይም በዎርድ የሚጽፍ ሰው ቀጥ ያለውን ጥቅስ ቢነካም ፕሮግራሙ በራሱ ወደ ጎበጠው ሊቀይርበት ይችላል። ኤክስኤምኤል በተራ የጽሑፍ ኤዲተር ነው መጻፍ ያለበት። ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ኮማ ስትነኩ ፣ የሚያወጣ፣ ሁለት ነጥብ ስትነኩ ፡ የሚያወጣ አለ። ታግ ስትጽፉ ይሄ ያስቸግራል። እኔ ምልክቶቹን ስጽፍ ወደ እንግሊዝኛው ኪቦርድ እመለሳለሁ።

ተማሪ_ነኝ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ኤችቲኤምኤል ስጽፍ ታግ ሳልዘጋ ብረሳ እንኳ ገጹ ይከፈታል። ኤክስኤምኤል ለምን እንዲህ ይከራል? ለጀማሪ ተስፋ ያስቆርጣል።

ኮድ_አንባቢ፦

ወንድሜ፣ ከርዕሱ አልወጣህም፤ ይሄ ዋናው ነገር ነው። ብሮውዘር የተበላሸ ኤችቲኤምኤል ሲያገኝ ይገምታል። ድሮ ደግሞ አንዱ ብሮውዘር እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይገምት ነበር። ኤክስኤምኤልን የነደፉት ሰዎች ይሄን እያዩ ነው ሕጉን ያወጡት። ፓርሰር የአወቃቀር ስህተት ካገኘ ስህተቱን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ አንብቦ ለፕሮግራሙ ማስተላለፍ አይፈቀድለትም። በደንቡ ላይ የተጻፈ ግዴታ ነው።

ለምን ቢባል፣ ኤክስኤምኤልን በብዛት የሚያነበው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ባንኮች እርስ በርስ ክፍያ የሚላላኩበት አይኤስኦ 20022 የሚባለው ስታንዳርድ መልእክቶቹን በኤክስኤምኤል ያስቀምጣል። የገንዘቡን መጠን የያዘው ታግ ሳይዘጋ ቢቀርና ፓርሰሩ «እዚህ ጋ ያለቀ ይመስለኛል» ብሎ ቢቀጥልስ? ለአንድ ፎቶና ጽሑፍ መገመት ይቻላል። ለገንዘብ፣ ለመድኃኒት ማዘዣ፣ ለሰው ስም ግን መቆሙ ይሻላል። እኔ በዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። ተስፋ የሚያስቆርጠው ሳምንት ሳይሞላ ያልፋል፤ ጥቅሙ ግን ፋይሉ እስካለ ይኖራል።

ደግሞ ሳታውቀው በየቀኑ ትጠቀምበታለህ። የዎርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ቅጂ ወስደህ የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይረውና ክፈተው። ውስጡ የኤክስኤምኤል ፋይሎች ታገኛለህ።

ዘቢብ፦

ኮድ_አንባቢ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁሉንም እንዳልከው አስተካከልኩ። ክሮም ላይ በደንብ ተከፈተ። ለመተግበሪያው ልጅ ላክሁለትና እሱ ጋ ደግሞ ሌላ ታሪክ ሆነ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያነበው «በትክክል የተዋቀረ አይደለም፣ የማይታወቅ ምልክት አለ» ይለዋል። ያውም ሁለተኛው መስመር ላይ፣ <ስብስብ> የሚለው ላይ። ፋየርፎክስ ላይ ሞከርኩ፤ እሱም እንደዚያው። እንዴት አንድ ፋይል አንዱ ጋ ትክክል ሌላው ጋ ስህተት ይሆናል?

ፊደል_ወዳድ፦

ልጄ፣ ፋይልሽ ትክክል ነው። ከኋላው ታሪክ ስላለ ትንሽ ታገሺኝ።

ኤክስኤምኤል 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1998 ነው። የዚያን ጊዜ ዩኒኮድ ስሪት 2.0 ላይ ነበር፤ የኛ ፊደል ደግሞ ገና አልገባበትም። ኤክስኤምኤልን ያወጣው ደብሊው3ሲ የተባለው የድር ደንብ አውጪ ድርጅት ለታግ ስም የሚፈቀዱትን ፊደሎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ አስቀመጠ። ዝርዝሩ ውስጥ ግዕዝ ሊኖር አይችልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ በ1999 ነው። አንድ ዓመት ከምናምን ዘገየን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተከለከለው ለስም ብቻ ነበር፤ ለታግና ለአትሪቢዩት ስም። በታጎቹ መካከል የሚገባው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክፍት ስለነበር ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ እንደገባ ያለ ችግር መጻፍ ተችሏል። አማርኛ ይጻፍ ነበር፤ የሚጻፍበት ሣጥን ስም ግን አማርኛ መሆን አይችልም። ከኛ ጋር ክመርኛ፣ በርማኛና የሞንጎልኛ ፊደልም በዚህ ምክንያት ውጭ ቀርተው ነበር።

ለማስተካከል መጀመሪያ በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ወጣ። ስም የሚሆኑትን ከመዘርዘር ይልቅ የማይሆኑትን ከለከለ፤ ሌላውን ሁሉ ፈቀደ። ነገር ግን ሰው ብዙም አልተጠቀመበትም፤ ዓለም 1.0 ላይ ቆየ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2008 የ1.0 አምስተኛው እትም ይሄንኑ ሰፊ ሕግ ወደ 1.0 አመጣው። እንግዲህ <ስብስብ> የሚል ታግ በ1.0 ሕጋዊ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ችግርሽ። ፓይተን ውስጥ አብሮ የሚመጣው የኤክስኤምኤል ማንበቢያ ኤክስፓት በሚባል ፓርሰር ላይ ነው የቆመው። ፋየርፎክስም እንደዚያው። ኤክስፓት የሚከተለው አራተኛውን እትም ነው። ስለዚህ የ1998ቱን የፊደል ዝርዝር ይዞ ነው ፋይልሽን የሚያየው። ክሮም ያሳየሽ ሊብኤክስኤምኤል2 የሚባል ሌላ ፓርሰር ስለሚጠቀም ነው። እሱ አምስተኛውን እትም ይከተላል።

ዘቢብ፦

ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ታዲያ ምን ይሻለኛል? ልጁ «ታጎቹን በላቲን ቀይሪያቸው፣ ይገላገላል» እያለኝ ነው።

ሰርቨር_ቤት፦

ልጁ ልክ ነው። እኔ በሥራዬ ከተለያየ ቦታ የሚመጣ ፋይል ነው የማነበው። ታግ ማለት የማሽን ስም ነው። ማንበቢያው ሊለዋወጥ ይችላል፤ ዛሬ ፓይተን ነው፣ ነገ ሌላ ይሆናል። አንዱ አንብቦት ሌላው የሚያቆምበትን ነገር ፋይል ውስጥ ማስገባት ለወደፊት ችግር ማስቀመጥ ነው። ጽሑፉ አማርኛ ይሁን፤ ታጉ ላቲን።

ፊደል_ወዳድ፦

ወንድሜ፣ የምትለው ይገባኛል። ለባንክ መልእክት ቢሆን እኔም እንዳንተ ነበር የምለው። የዚች ልጅ ሥራ ግን የአያቶች ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አንድ አስተማሪ ይከፍተዋል። <ፍቺ> የሚለውን ሲያይ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ኤክስኤምኤል ሲሠራ ሰው አንብቦ የሚረዳው እንዲሆን ታስቦ ነው። ሰው ሲባል አማርኛ አንባቢውም ሰው ነው። በ2008 የተከፈተልንን በር ተጠቅመን ካልገባንበት ማን ይገባበታል?

ኮድ_አንባቢ፦

ሁለታችሁንም የሚያስማማ መንገድ አለ። ዘቢብ፣ ዋናውን ፋይል በአማርኛ ታግ አስቀምጪው፤ የምትሠሪበትም እሱ ላይ ይሁን። ለመተግበሪያው የሚላከው ቅጂ ግን በኤክስኤስኤልቲ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጽ የሚለውጥ ቋንቋ) ወይም በአጭር ስክሪፕት ታጎቹ ወደ ላቲን ተቀይረው ይውጡ። ታጎችሽ ጥቂት ስለሆኑ ስክሪፕቱ አንድ ገጽ አይሞላም። ልጁ በፓይተን ካልሆነ አልሠራም ካለ ኤልኤክስኤምኤል የሚባለውን ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ይጫን። እሱ ሊብኤክስኤምኤል2ን ስለሚጠቀም የአማርኛ ታግ ያነባል።

ፋይሉን ከመላክሽ በፊት ደግሞ ከሊብኤክስኤምኤል2 ጋር በሚመጣው ኤክስኤምኤልሊንት በሚባል መፈተሻ ፈትሺው። ስህተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግርሻል። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ስህተት ጀምሪ። የመክፈቻና የመዝጊያ ታግ አልገጠመም ካለሽ የሚጠቁምሽ ፓርሰሩ ችግሩን ያየበትን መስመር ነው፤ ያልተዘጋው ታግ ግን ከዚያ በላይ ርቆ ሊገኝ ይችላል።

ሰርቨር_ቤት፦

በዚህ እስማማለሁ። ዋናው አንድ ቦታ ካለና ቅጂው በስክሪፕት ከወጣ ችግር የለብኝም። በእጅ ሁለት ፋይል መያዝ ግን አይሞከርም።

ትርጉም_ሠሪ፦

እኔ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ጽሑፎቹ የሚቀመጡት በኤክስኤምኤል ነው። & የምትለዋን ስረሳ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ያን አሁን ለምጄዋለሁ። ያልገባኝ ሌላ ነው። «ያ'ገር ልጅ» ብዬ በነጠላ ጥቅስ ስጽፍ አንድሮይድ አልቀበልም ይላል። ኤክስኤምኤልሊንት ግን ትክክል ነው ይላል። የቱ ነው የሚታመነው?

ኮድ_አንባቢ፦

ሁለቱም። በኤክስኤምኤል ሕግ ነጠላ ጥቅስ በኤለመንት ጽሑፍ ውስጥ ምንም ችግር የለባትም። ችግር የምትሆነው በነጠላ ጥቅስ በተከፈተ የአትሪቢዩት ዋጋ ውስጥ ብቻ ነው። አንድሮይድ ግን ከኤክስኤምኤል በላይ የራሱ ተጨማሪ ደንብ አለው፤ ከነጠላ ጥቅስ በፊት የኋላ ስላሽ ይፈልጋል። እንዲህ፦ ያ\'ገር ልጅ። ኤክስኤምኤል የአወቃቀሩን ሕግ ነው የሚሰጠው፤ ውስጡ ያለው ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም ነው።

ዘቢብ፦

አንድ ጥያቄ ልጨምር። & የምትለዋን በሙሉ ፋይሉ በፈልግ-ተካ ወደ &#38; ለወጥኳት። ቀጥሎ <ን ልለውጥ ስል ታጎቹም አብረው እንዳይበላሹ ፈራሁ።

ማታ_ማታ፦

ልክ ነሽ፣ ተይው! ታጉን ከጻፍሽ በኋላ < በጅምላ አይተካም። መተካት ያለበት ጥሬው ጽሑፍ ነው፣ ታግ ውስጥ ከመግባቱ በፊት። ቅደም ተከተሉንም ጠብቂ። መጀመሪያ &፣ ቀጥሎ <። ተገላቢጦሽ ካደረግሽው &#60; ውስጥ ያለችው & ራሷ ትለወጥና &#38;#60; ይሆናል። አንባቢው ቅንፉን ሳይሆን &#60; የሚለውን ኮድ እንዳለ ያየዋል። ሁለት ጊዜ ብትተኪም እንደዚያው ነው። ከተቻለ ይሄን ሥራ ለላይብረሪ መተው ነው፤ ኤክስኤምኤል የሚጽፍ ላይብረሪ ሁሉ በራሱ ያደርገዋል።

የድሮ_ታይፕ፦

እኔ ጋ ያለው ስብስብ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ፎንት ነው። ቀድቼ ኤክስኤምኤል ውስጥ ሳስገባው የላቲን ምልክቶች ዝርክርክ ይሆናል። ኢንኮዲንጉን ብቀይረው ይስተካከላል?

ፊደል_ወዳድ፦

አይስተካከልም ወንድሜ። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ኮድ ይዘው በላዩ የግዕዝ ቅርጽ ነበር የሚሥሉት። ፋይሉ ውስጥ ያለው በእውነት ላቲን ነው። መጀመሪያ ለዚያው ፎንት በተሠራ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ መልሰው፤ ኤክስኤምኤል ከዚያ በኋላ። ሳትመልስ ካስገባኸው ከፊደሎቹ አንዳንዶቹ በ< ወይም በ& ኮድ ላይ ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል ፓርሰሩ ታግ መስሎት ይቆማል። መግለጫው ላይ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ) ብሎ መጻፍ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 አያደርገውም። ኤዲተሩ ሲያስቀምጥ እንደዚያ ማስቀመጥ አለበት። በድሮው ኖትፓድ «አንሲ» በሚለው የተቀመጠ አማርኛ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ቅጂ ሳትይዝ እንዳትጀምር።

ተማሪ_ነኝ፦

ለታግ ስም የሚሆነውና የማይሆነው አልተነሳም። <2ኛፍቺ> ስል አልቀበልም አለኝ። <የቃል ፍቺ> ስልም እንደዚያው።

ኮድ_አንባቢ፦

ስም በቁጥር፣ በጭረት ወይም በነጥብ አይጀምርም፤ በውስጡ ግን ይኖሩታል። <ፍቺ2> ብትል ይሆናል። ባዶ ቦታ ግን ጨርሶ አይገባም። <የቃል ፍቺ> ስትል ፓርሰሩ «የቃል» የሚለውን የታጉ ስም አድርጎ ይወስድና «ፍቺ»ን ዋጋ የሌለው አትሪቢዩት ያደርገዋል። በአንደርስኮር አያይዘው፦ <የቃል_ፍቺ>። ከመክፈቻው < ቀጥሎም ባዶ ቦታ አይኖርም፤ < ቃል> ስህተት ነው፤ <ቃል > ግን ትክክል ነው።

የሚገርም ነገር ልንገርህ። በአምስተኛው እትም ሕግ የግዕዝ ቁጥሮች እንደ ፊደል ስለሚቆጠሩ <፪ኛፍቺ> ይፈቀዳል። የኛ ሁለት ነጥብም ስም ውስጥ ይገባል፤ <የቃል፡ፍቺ> ሕጋዊ ነው። ግን አታድርገው። የላቲኗ ሁለት ነጥብ : በኤክስኤምኤል የስም ክልልን (ስሙ የየትኛው የስሞች ስብስብ እንደሆነ) ለመለየት የተያዘች ናት። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ የሚያነብህ ሰው ይሳሳታል።

ማስታወሻ መጻፍ ከፈለግህ እንዲህ ነው፦ <!-- ይህን ከአያቴ የሰማሁት ነው -->። ውስጡ ሁለት ጭረት ጎን ለጎን እንዳይገባ። ብዙ ሰው ሐሳብ ለመለየት -- ብሎ ይጽፋል፤ ማስታወሻ ውስጥ ግን የተከለከለ ነው።

ዘቢብ፦

ፋይሉ አሁን በኤክስኤምኤልሊንት አንድም ስህተት የለውም። ስክሪፕቱንም ልጁ ሠራው። ግን ሰፈር የሚለው መረጃ በአንዳንድ ምሳሌዎች ላይ መተግበሪያው ውስጥ አይታይም። ፋይሉ ላይ ግን አለ! ስንመለከት ለካ አንዳንዱ ላይ <ሠፈር> ብዬ ከፍቼ በ</ሠፈር> ነው የዘጋሁት። አሁን ፋይሉን በሙሉ ሠን ወደ ሰ ብቀይረው ይሻላል?

ፊደል_ወዳድ፦

አደራ ልጄ፣ በሙሉ እንዳትቀይሪ! «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፤ «ትዕግሥት»ም እንደዚያው። የአያቶችን ቃል ስትሰበስቢ አጻጻፉም ከነሙሉ ክብሩ መቆየት አለበት። የምትቀይሪው የታጉን ስም ብቻ ነው፤ <ሠፈር> እና </ሠፈር> የሚሉትን ከነቅንፋቸው ፈልገሽ።

ኮድ_አንባቢ፦

እዚህ ላይ ሁለት ፍተሻ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ፋይሉ በትክክል ተዋቅሯል ወይ ነው። <ሠፈር> ተከፍቶ በ</ሠፈር> ከተዘጋ አዎ፣ ተዋቅሯል፤ ኤክስኤምኤልሊንት ዝም ያለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ፍተሻ አንቺ ያወጣሽውን ደንብ ይከተላል ወይ የሚለው ነው። ለዚያ የትኞቹ ስሞች እንደሚፈቀዱ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ቀላሉ ዲቲዲ የሚባለው የደንብ ዝርዝር ነው። <ምሳሌ> ምን ምን እንደሚይዝ ለመግለጽ የሚጻፈው ይሄን ያህል ነው፦

(ቃል, ፍቺ?, ሰፈር?, ርዕስ*)

ቃል የግድ አንድ ጊዜ፤ ፍቺና ሰፈር ቢኖሩ አንድ አንድ ጊዜ፤ ርዕስ ከዜሮ እስከ የፈለግሽው ድረስ። ለእያንዳንዱ ኤለመንትና ለመለያም አንድ አንድ መስመር ታክይበታለሽ። ከዚያ <ሠፈር> የሚል ከመጣ ኤክስኤምኤልሊንት ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርሻል። መለያውንም የማይደገም ልዩ መለያ አድርገሽ ማስታወቅ ትችያለሽ፤ ሁለት ምሳሌ አንድ ቁጥር ከያዙ ይይዛቸዋል። ያን ጊዜ ግን ዋጋው በቁጥር መጀመር ስለማይችል "1" ሳይሆን "ም1" በይው።

ዘቢብ፦

ሠራሁት። ጠፍተው የነበሩት ሁሉ ተገኙ፤ ስክሪፕቱም አሁን ሁሉንም ያወጣል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዲቲዲው ሰፈርን ከርዕስ በኋላ የጻፍኩባቸውን ምሳሌዎች ስህተት ናቸው ይለኛል። ቅደም ተከተሉ የግድ ነው?

ኮድ_አንባቢ፦

በኮማ ከተለያዩ አዎ፣ በተጻፉበት ተራ መምጣት አለባቸው። ተራው ካላስጨነቀሽ ከቃል በኋላ ያለውን እንዲህ አድርጊው፦

(ቃል, (ፍቺ | ሰፈር | ርዕስ)*)

ቃል ይቀድማል፤ ሌሎቹ በፈለጉት ተራ ይመጣሉ። እንዲህ ሲሆን ግን ፍቺ ሁለቴ ቢመጣም አይከለክልሽም። እኔ ብሆን ፋይሉን በአንድ ተራ አስተካክዬ የመጀመሪያውን ደንብ እይዝ ነበር፤ መልሶ ለማንበብም ይቀላል። ኮማዋ ደግሞ የላቲኗ , መሆኗን ተመልከቺ፤ የኛዋ ፣ ከገባች ዲቲዲው ራሱ አይነበብም።